ብሬከሩ ያላየውን ሬዲዮው ሰምቶት ነበር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ፣ አሁን ሜሪላንድ ውስጥ በኤሌክትሪክ ሙያ የምተዳደር አንባቢያችሁ ነኝ። ጋዜጣችሁን ብዙ ጊዜ የማነበው ምሳ ሰዓት ላይ፣ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። እስካሁን ጽፌላችሁ አላውቅም። አሁን የጻፍኩት አንድ ቃል እረፍት ስለነሳኝ ነው። ቃሉ «ኮንታክት» ነው።

ሱቅ ይቃጠላል። መጋዘን ይቃጠላል። የሰው ቤት ይቃጠላል። ከዚያ «የቃጠሎው መንስኤ የኤሌክትሪክ ኮንታክት ነው» ይባላል፣ ወሬው በዚያው ያበቃል። ሰሚውም «ኮንታክት ነዋ» ብሎ ያልፋል፤ መብረቅ ወደቀ የተባለ ያህል። የትኛው ሶኬት ላይ? የትኛው መጋጠሚያ ላይ? ብሬከር አልነበረም ወይ? ከነበረስ ለምን አልወረደም? ዋናው ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ ብሬከሩ አለ። ጤነኛም ነው። ግን አላየም፤ ለማየት አልተሠራማ።

እኛ ቤት የደረሰውን ልንገራችሁ።

እናቴ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወጥ ቤቷ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ። መደርደሪያው ላይ ደግሞ አሮጌ ሬዲዮ አለ፤ መካከለኛ ሞገድ የሚይዝ፣ አንቴናው ተሰብሮ በሽቦ የተቀጠለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለበዓል ስሄድ «ይሄ ሬዲዮ እኮ ምጣድ ስሰካ ያመዋል» አለችኝ።

«እንዴት ያመዋል እማዬ?»

«ይንኮሻኮሻል። ምጣዱን ስነቅለው ይድናል።»

አርጅቶ ነው ብዬ ተውኩት። እኔ፣ ሥራዬ ኤሌክትሪክ የሆነው ሰውዬ። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

በሦስተኛው ቀን እንጀራ እየጋገረች ወጥ ቤቱ ዓሣ ዓሣ ሸተተ። ዓሣ የጠበሰ ሰው የለም። ያኔ ነው ክው ያልኩት፤ የሶኬትና የመሰኪያ ፕላስቲክ ከመጠን በላይ ሲሞቅ እንዲህ ያለ ሽታ እንደሚያወጣ አውቃለሁ። ሮጬ ማብሪያ ማጥፊያውን ዘጋሁት። ምጣዱን ስነቅለው መሰኪያው እጅ ያቃጥላል። ብሬከሩን አውርጄ ሶኬቱን ፈታሁት። የኋላው ክፍል ከስሏል። ሽቦውን የምትይዘው ብሎን ግማሽ ዙር ያህል ላልታለች። የመዳቡ ጫፍ ጠቁሮ ሐምራዊ ሆኗል። ሶኬቱ የተቀበረበት ግድግዳ ጎን ለጎን የእንጨት ቁም ሳጥን አለ። ያን ሁሉ ጊዜ ብሬከሩ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ነበር። አንድም ቀን ወርዶ አያውቅም።

ለምን አልወረደም? ብሬከር የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ መስመሩ ከአቅሙ በላይ ለብዙ ጊዜ ሲጫንበት ነው። ውስጡ ያለው ስስ ብረት ይሞቅና ይጎብጣል፣ ብሬከሩን ያወርደዋል። ሁለተኛው ሾርት ሲሆን ነው። ኤሌክትሪኩ በአንዴ ብዙ እጥፍ ይሆናል፣ ማግኔቱ ወዲያው ይስባል። ከነዚህ ከሁለቱ ውጭ ያለው ሁሉ ለብሬከር ሰላም ነው። የእናቴ ምጣድ 3500 ዋት ነው። በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይወስዳል። ብሎኗ ስትላላ ይሄ ቁጥር አይጨምርም፤ እንዲያውም ትንሽ ይቀንሳል። ለብሬከሩ፣ ሴትየዋ እንጀራ እየጋገረች ነው፣ በቃ።

አሁን ሒሳቧን እንይ። በላላችው ብሎን ላይ 3 ቮልት ብቻ ይጥፋ። 3 በ16 ሲባዛ 48 ዋት ነው። 48 ዋት ለአንድ አምፖል እንኳ ብዙ አይደለም። ግን ሬዲዮ ጠጋኝ ሊድ የሚያቀልጥበት ብረት ከዚህ ብዙ አይበልጥም። እንግዲህ ያንን የጋለ ብረት ግድግዳ ውስጥ፣ የሚስማር ራስ በምታክል ቦታ ላይ አስቀምጦ ሶኬቱን መዝጋት ማለት ነው። መዳቡ በሙቀቱ ይጠቁራል። የጠቆረ መዳብ ኤሌክትሪክ እንደልብ ስለማያሳልፍ የበለጠ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ደግሞ የበለጠ ይጠቁራል። ምጣድ በተለይ ክፉ ነው። በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ በሙሉ ኃይሉ ይግላል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል። መጋጠሚያውም አብሮት ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። ብሎን እንዲህ እየሆነ ነው የሚላላው።

ከዚያ አንድ ቀን ፀጉር የምታህል ክፍተት ትፈጠራለች፣ ኤሌክትሪኩም እሷን ይዘላል። አርክ የሚባለው ይሄ ነው። አርክ ማየት የፈለገ ብየዳ ቤት በር ላይ ይቁም፤ ያ ዓይን የሚያጠፋው ሰማያዊ ብርሃን እሱ ነው። ግድግዳ ውስጥ ያለው በመጠን ያንሳል እንጂ ዘሩ አንድ ነው። ሙቀቱ በሺህ ዲግሪዎች ይቆጠራል። መዳብ 1085 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። የሽቦው ፕላስቲክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለ70 ዲግሪ ነው የተሠራው። የሚብሰው፣ ፕላስቲኩ ሲከስል እሱ ራሱ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይጀምራል። መከላከያ የነበረው መንገድ ይሆናል።

ግን አርክ ዝም ብሎ አይነድም። ይጮኻል። የቤታችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ስለዚህ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ያልፋል። ዜሮ ላይ ሲደርስ አርኩ እልም ይላል፣ ቮልቱ ከፍ ሲል እንደገና ይለኮሳል። በጠፋና በተለኮሰ ቁጥር፣ በመሀልም ሲንቀጠቀጥ፣ ሰፊ የሬዲዮ ሞገድ ይረጫል። የእናቴ ሬዲዮ የሚንኮሻኮሸው ለዚህ ነበር። አላመመውም። እየሰማ ነበር።

ይህንኑ ጩኸት እንዲሰማ ተብሎ የተሠራ ብሬከር አለ። አውሮፓ ኤኤፍዲዲ፣ አሜሪካ ኤኤፍሲአይ ይሉታል። ውስጡ ትንሽ ኮምፒውተር አለች። የመስመሩን ጩኸት ታዳምጣለች፤ በየዜሮው አካባቢ የኤሌክትሪኩን ቅርጽ ትመረምራለች። በጤነኛ መስመር ኤሌክትሪኩ ዜሮን ሳያቋርጥ ያልፋል። አርክ ካለ ግን አርኩ እስኪለኮስ ድረስ እዚያው ዜሮ ላይ ለጥ ብሎ ይቆያል። ጩኸቱና ይህ ምልክት ተደጋግመው ከመጡ መስመሩን ትቆርጣለች። ዓለም አቀፉ መለኪያ አይኢሲ 62606 እ.ኤ.አ. በ2013 ነው የወጣው። በ230 ቮልት መስመር ላይ 16 አምፔር የሚያልፍበት አርክ ከተፈጠረ በ0.15 ሰከንድ ውስጥ እንዲጠፋ ይጠይቃል። የእናቴን ምጣድ ማለት ነው።

ታዲያ ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። የድሪልና የቫኪዩም ሞተር ውስጥ ካርቦን አለ፤ ሲሽከረከር ብልጭ ብልጭ ይላል፣ እሱም ይጮኻል። መብራት የሚያደበዝዘው ማብሪያም ይጮኻል። መሣሪያው ጤነኛውን ብልጭታ ከገዳዩ መለየት አለበት። የመጀመሪያዎቹ ብዙ ይሳሳቱ ነበር፤ ሰውም ተማረረ። አንድ ጊዜ እዚህ የሚኖር ወንድማችን ደውሎ «በናትህ ይሄን ብሬከር አውጣልኝ፣ ማታ ማታ እየወረደ አስቸገረኝ» አለኝ። ተራውን እንድቀይርለት ነበር የፈለገው። እሺ ከማለቴ በፊት መኝታ ቤቱን ልየው አልኩ። የአልጋው እግር የራስጌ መብራቱን ገመድ ረግጦታል። አልጋው ላይ ሲወጡ ገመዱ ይጨፈለቃል፣ ብልጭ ይላል። ብሬከሩ አልተሳሳተም። ልጆቹ የሚተኙት እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር።

አሜሪካ ይህን ነገር ደንብ ያደረገችው በመኝታ ቤት ጀምራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ ከጥር 2002 ጀምሮ በአዲስ ቤት መኝታ ክፍሎች እንዲገባ አዘዘ። በ2008 ወደ ሳሎንና ወደ ሌሎች ክፍሎች ሰፋ፣ በ2014 ወጥ ቤት ደረሰ። ደንቡ ሲስፋፋ መሣሪያውም እየበሰለ ሄደ። እንግሊዝ በ2022 ባሻሻለችው ደንብ ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች፣ የተማሪዎች ማደሪያና የአረጋውያን መጦሪያ ሶኬቶች ላይ ግዴታ አድርጋዋለች። ለንደን ውስጥ ሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. ግሬንፌል ሕንፃ ላይ 72 ሰው ሲያልቅ የእኛና የኤርትራ ልጆችም አብረው አልቀዋል። ያ እሳት የጀመረው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ፍሪጅ ውስጥ በተፈጠረ የኤሌክትሪክ ብልሽት ነው። ሕንፃውን የጨረሰው ከውጭ የለበሰው የሚቀጣጠል ልባስ ነው። መሣሪያው ቢኖር ያንን ያስቀረው ነበር እያልኩም አይደለም። ግን አጣሪዎቹ «ኮንታክት ነው» ብለው አልተነሡም። የትኛው ወጥ ቤት፣ የትኛው ዕቃ፣ የዕቃው የትኛው ክፍል እያሉ ሄዱ። እኔ የምፈልገው እሱን ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ዘመን መጥቷል። እዚህ በአንዳንድ ትልልቅ ሕንፃዎች ኤሌክትሪክ የሚከፋፈለው በዲጂታል መንገድ ነው። ደንቡ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 «ክላስ 4» ተብሎ ገብቷል፤ እስከ 450 ቮልት ይፈቅዳል። ሮድ አይላንድ ያለው ቮልትሰርቨር የተባለ ኩባንያ ይህንን መንገድ ቀድመው ከጀመሩት አንዱ ነው። ሽቦውን ስታዩት የኢንተርኔት ገመድ ነው የሚመስለው። 450 ቮልት በዚህ ያልፋል ሲሉኝ እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። አሠራሩን ስረዳው ነው የረጋሁት።

ኤሌክትሪኩ እንደ ቧንቧ ውሃ ሳያቋርጥ አይፈስም። በጣሳ እየተቀዳ ነው የሚላከው፣ በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ጣሳ። ከእያንዳንዱ ጣሳ በኋላ ላኪው መሣሪያ እጁን ያነሳና መስመሩን ያያል። ጤነኛ ከሆነ ሽቦው ላይ የቀረው ቮልት ቀስ ብሎ፣ በሚታወቅ መጠን ይወርዳል። ሰው ከነካው ወይም ሁለቱ ሽቦዎች መካከል መንገድ ከተከፈተ በፍጥነት ይወርዳል። ያኔ ቀጣዩ ጣሳ አይላክም። ነገሩ የሚያልቀው ሰውየው ከመደንገጡ በፊት ነው። በዚያ ላይ የተላከውና የደረሰው ይነጻጸራል። ላኪው ይህን ያህል ላክሁ፣ ተቀባዩ ይህን ያህል ደረሰኝ ይላል። ገመዱ ከሚበላው በላይ ከጎደለ መሀል ላይ የሚበላ ነገር አለ። የእናቴ ብሎን እዚህ ብትሆን ኖሮ የምትያዘው በዚህ ነበር።

ግን እዚህም አርክ አስቸጋሪ ነው። ላኪው በሚያይባት ቅጽበት አርኩ ራሱ ጠፍቶ ሊቆይ ይችላል፤ ጣሳው ሲመጣ መልሶ ይለኮሳል። ስለዚህ በዕረፍቱ ጊዜ ያለውን ብቻ ሳይሆን ጣሳው በመንገድ ላይ እያለ ያለውንም ጩኸት መስማት ያስፈልጋል። ቢሆንም የዕረፍቷ ጥቅም ትልቅ ነው። ይህ መስመር እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ኤሌክትሪክ ነው፤ እንደ ቤታችን ዜሮ ላይ አያልፍም። እንዲህ ያለ መስመር ላይ አርክ አንዴ ከተለኮሰ ቆራጭ ከሌለ በቀላሉ አይጠፋም። የሶላር ሠራተኞች ይህን ያውቁታል፤ ጣሪያ ላይ ለሚገጠም 80 ቮልትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሶላር የአሜሪካው ደንብ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አርክ የሚለይ መሣሪያ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ዲጂታሉ መስመር ግን በየጣሳው መሀል አርኩን ትንፋሽ ያሳጣዋል።

ይሄ ለእኛ ምን ያደርግልናል የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ክላስ 4 ነገ መርካቶ አይገባም። ግን አገር ቤት ያለውም ኤሌክትሪክ ዲጂታል እየሆነ ነው፣ በተለይ ቆጣሪው። ብዙ ሰው «ቆጣሪዬ ዲጂታል ነው» ሲል ቤቱ የሚጠበቅ ይመስለዋል። ቆጣሪ ይቆጥራል፤ ግድግዳህ ውስጥ የሚነደውን አያይም። የተቃጠለውንም ኤሌክትሪክ ቆጥሮ ያስከፍልሃል። በሌላ በኩል መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለበት ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ይህን በደስታ ነው የማየው። ግን ምጣድ ቢበዛ ሁለት ሦስት ሰዓት ይሠራል። መኪና ከማታ እስከ ንጋት ተሰክቶ ያድራል፣ ያውም ሁሉም ሰው ተኝቶ። ለሬዲዮና ለካውያ ተብሎ በተገጠመ ሶኬት ላይ፣ አንዳንዴም በዲቫይደር።

ለዲያስፖራው አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህን አንብባችሁ ከአሜሪካ ኤኤፍሲአይ ገዝታችሁ ሻንጣ ውስጥ እንዳትጨምሩ። እዚህ የሚሸጠው ለ120 ቮልትና በሰከንድ 60 ጊዜ ለሚመላለስ ኤሌክትሪክ ነው፣ አገር ቤት ባለው ሳጥንም አይገጥምም። የሚያስፈልገው ለ230 ቮልት የተሠራው፣ አይኢሲ 62606 የሚል የተጻፈበት የአውሮፓው ዓይነት ነው። ዋጋው ከተራ ብሬከር በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሁሉም ቤት ይግዛው ብዬ አልፈርድም። ሆስፒታል፣ የተማሪ ማደሪያ፣ ሆቴል፣ ብዙ ሰው የሚተኛበት አዲስ ሕንፃ ግን ከዲዛይኑ ጀምሮ ሊያስበው ይገባል። የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደንባችን ኢቢሲኤስ 10 እ.ኤ.አ. በ1995 ሲወጣ አይኢሲ 62606 እንኳ ሊወጣ 18 ዓመት ይቀረው ነበር። ደንቡን የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን ደብዳቤ ካዩት አደራ እላለሁ።

መሣሪያውም ሁሉን አይችልም። የላላች ብሎን አርክ ሳትሠራ ዝም ብላ ልትግል ትችላለች፤ ያኔ ጩኸት የለም። ስለዚህ መሣሪያ ኖረም አልኖረም መጀመሪያ ካቻቢቴ ነው። ባለሙያ በዓመት አንዴ ብሬከሩን አውርዶ የምጣዱን፣ የስቶቩንና የውሃ ማሞቂያውን ሶኬት ይፍታ፣ ብሎኖቹን ያጥብቅ። የጠቆረ ነገር ካየ ይቀይረው፤ ናስትሮ አይጠቅልልበት። ምጣድ በዲቫይደር አይሰካ። ብሬከር ቶሎ ቶሎ ከወረደ ከፍ ያለ አምፔር መግጠም መድኃኒት አይደለም፤ ሽቦው ያው ሽቦ ነው። አሉሚኒየምና መዳብ በእጅ ተጠምዝዘው የተገናኙበት ካለ ደግሞ ነገ ሳይባል ይታይ። እዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ብዙ ቤት በአሉሚኒየም ሽቦ ተሠርቶ ነበር። የአሜሪካ የሸማቾች ደህንነት ኮሚሽን ሲያጠናው፣ ከ1972 በፊት በተሠራ የአሉሚኒየም ሽቦ የተዘረጋ ቤት መጋጠሚያው እሳት ሊያስነሳ ከሚችል ደረጃ ላይ የመድረስ ዕድሉ ከመዳቡ 55 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ሽቦው ያው የተዘረጋው ነው፤ ችግሩ ያለው መጋጠሚያው ላይ ነው።

ከእናንተ ከጋዜጠኞቹ የምለምነው ግን ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። ቃጠሎ ደርሶ «ኮንታክት ነው» ስትባሉ ቀጥሎ ያለውን ጠይቁ። እሳቱ የተነሣው ከሶኬት ነው፣ ከሳጥን ነው ወይስ ከተቀጠለ ሽቦ? ምን ተሰክቶ ነበር? ብሬከሩ ስንት አምፔር ነው፣ ሲገኝ ወርዶ ነበር ወይስ ቆሞ? ለባለንብረቱም፣ ለመብራት ሠራተኛውም፣ ለእሳት አደጋ ሰዎችም ይህንኑ ጠይቁ። መልሱን ጻፉት። አንድ ዓመት እንዲህ ቢጻፍ የትኛው ዕቃ፣ የትኛው መጋጠሚያ እየገደለን እንደሆነ ሁላችንም እናያለን። አሁን የምናየው አንድ ቃል ብቻ ነው።

የእናቴን ሶኬት በማግሥቱ ቀየርኩት፣ ሽቦውንም ከሳጥኑ ጀምሮ በወፍራም አዲስ ዘረጋሁላት። ሬዲዮውን አልጣለችውም። እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው። ምጣዱን ሰክታ ሬዲዮውን ትከፍታለች፣ ትሰማዋለች፣ ከዚያ ነው ሊጡን የምታነሳው። እሁድ ስደውልላት መጀመሪያ የምጠይቃት እሱን ነው።

«ዛሬስ አመመው እማዬ?»

«ኧረ ዝም ብሏል፣ ተመስገን» ትለኛለች።

አክባሪያችሁ
የኤሌክትሪክ ባለሙያው አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ